ስለ ሌየር ማስክ ያልገባችሁን ጠይቁ

ፎቶሾፕ ጀምራችሁ ማስክ ላይ የቆማችሁ ብዙ ናችሁ። ሌየር ፎቶ ላይ የሚደረብ ንጣፍ ነው፤ ማስኩ ደግሞ ከሌየሩ የቱ እንደሚታይ የቱ እንደሚደበቅ የሚወስነው ነው። ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። በፎቶፒያ (ብራውዘር ላይ በሚሠራው የፎቶ ማስተካከያ) የምትሠሩም ቁልፎቹ በአብዛኛው ያው ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢሬዘር እያለ ማስክ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ኢሬዘር ያጠፋውን አጠፋ ነው። ሴቭ አድርገህ ዘግተህ ነገ ስትከፍተው የተቆረጠው ጆሮ የለም። ማስክ ግን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ጥቁር ስትቀባ ይደበቃል፣ ነጭ ስትቀባ ይመለሳል፣ ግራጫ ስትቀባ በከፊል ይታያል። በቃ ይሄው ነው። ደንበኛ «ሳስበው የበፊቱ ይሻል ነበር» ሲልህ ጥቅሙ ይገባሃል።

ጥያቄ፦ ማስክ ስቀባ ፎቶው ራሱ ጥቁር ቀለም ይሆንብኛል። ኮምፒውተሬ ይሆን?

መልስ፦ ኮምፒውተርሽ ደህና ነው። የቀባሽው ፎቶውን ነው። ሌየር ፓነሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ምስሎች አሉ፤ ግራው ፎቶው፣ ቀኙ ማስኩ። ፍሬም የከበበው የተመረጠው ነው። በኮንትሮል ዜድ መልሺና ማስኩን ክሊክ አድርጊ።

ጥያቄ፦ የጥምቀት ፎቶ ነው። እማዬ ጥላ ውስጥ ስለቆመች ፊቷ ጠቁሯል። ሳበራው ደግሞ ነጠላዋ ነጥቶ ጥለቱ ይጠፋል።

መልስ፦ ማስክ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ነው። ከርቭስ አድጀስትመንት ሌየር (ፎቶውን ራሱን ሳይነካ ብርሃኑን በመስመር የሚያስተካክል ሌየር) ጨምር። መስመሩን መሃሉን ይዘህ ወደ ላይ ሳበው። ፊታቸውን ብቻ እያየህ አስተካክል፤ ነጠላው ለጊዜው ቢነጣም ግድ የለም። ከሌየሩ ጋር የመጣውን ነጭ ማስክ ምረጥና ኮንትሮል አይ ተጫን። ማስኩ ይጠቁራል፣ ያበራኸውም ይጠፋል። አሁን ቢ ተጫንና ብሩሽ ያዝ። ሃርድነስ (የብሩሹ ጠርዝ ጥንካሬ) 0፣ ፍሎው (ቀለሙ የሚወጣበት መጠን) 10 በመቶ ገደማ፣ ቀለሙ ነጭ። ፊታቸው ላይ ቀስ እያልክ ደራርብ። ነጠላው ጠርዝ ጋ ስትደርስ ብሩሹን አሳንሰው። ካለፍክ ኤክስ ተጫን፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ይዞራል፣ ያለፈውን ቀብተህ መልስ። ስትጨርስ አልት ይዘህ ማስኩን ክሊክ አድርግ። ማስኩ ብቻውን ይታይሃል፣ የዘለልከው ቦታም ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጠይም እናትህን ቀይ አድርገህ እንዳታወጣቸው። አንዳንድ የስቱዲዮ ፎቶ ላይ የምናየው እሱን ነው። ጥላ ውስጥ የቆመ ሰው ትንሽ ጥላ ይቅርለት።

ጥያቄ፦ አፍሮ ጸጉር ከባክግራውንዱ እንዴት ተቆርጦ ይወጣል?

መልስ፦ ክሩን በብሩሽ አንድ በአንድ አትልፊ። ሰሌክት ኤንድ ማስክ የሚባለው የፎቶሾፕ መስኮት ውስጥ ሪፋይን ኤጅ ብሩሽ አለ፣ የጸጉሩን ጫፍ በሱ አስነኪው። ባክግራውንዱ ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን እሱም ይቸገራል።

ጥያቄ፦ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ?

መልስ፦ ጊምፕ። ሌየሩን ራይት ክሊክ፣ ከዛ አድ ሌየር ማስክ። ፎቶፒያም ብራውዘር ላይ በነፃ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ትናንት ጄፔግ አድርጌ ሴቭ አደረግኩት። ዛሬ ስከፍተው ማስኩ የለም!

መልስ፦ ጄፔግ ሌየር አይዝም፣ ሁሉን ጨፍልቆ አንድ ያደርገዋል። ዋናውን ሁሌ ፒኤስዲ (ሌየሮቹን የሚይዘው የፎቶሾፕ ፋይል) አድርገህ አስቀምጥ፣ በጊምፕ ከሆነ ኤክስሲኤፍ። በቴሌግራም የምትልከውን ጄፔግ ለብቻ አውጣ። የትናንቱን ግን እንደ አዲስ ከመሥራት ሌላ መላ የለውም፣ አይዞህ።