ጥያቄና መልስ፦ ከባቡር ጣቢያው ሰገነት ላይ ያለው ፍልውኃ

ጥያቄ፦ ክቡራን አዘጋጆች፣ በጃፓን ኦናጋዋ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ የባቡር ጣቢያ በሕንፃው ውስጥ የፍልውኃ መታጠቢያ እንዳለው ሰማሁ። ጣቢያው በሱናሚ ከተጠረገ በኋላ እንደ አዲስ የተሠራ ነው ይባላል። ባሕሩ ይህን ያህል ከበደለ፣ በግንብ አጥሮ መከለል ሲገባ ጣቢያውን ፊት ለፊቱ መሥራት ምን የሚሉት ነው?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ኦናጋዋ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በሚያጊ ግዛት የምትገኝ፣ ኑሮዋ በዓሣ ማስገር የቆመ ከተማ ስትሆን፣ በኢሺኖማኪ በኩል የሚመጣው ሐዲድ የሚያበቃው እዚያው ነው። ባቡር የገባላት እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011) የደረሰው ሱናሚ ከ14 ሜትር በላይ ከፍታ ስለነበረው ጣቢያውን ከነአካባቢው ጠርጎ ወሰደው፤ ከ10 ሺህ ገደማ ነዋሪዎቿም ከ800 በላይ የሚሆኑት ሞቱ ወይም የገቡበት ጠፋ።

ስለ ግንቡ ያነሡት ጥያቄ ከተማዋንም ያነጋገረ ነው። ሌሎች ብዙ የባሕር ዳር መንደሮች ረጃጅም የኮንክሪት ግንብ ሲያቆሙ፣ ኦናጋዋ መሬቱን ራሱን በአፈር ሞልታ ከፍ ማድረግን መረጠች። መኖሪያ ቤቶቹ ወደ ኮረብታው ወጡ፤ ጣቢያውና ሱቆቹ ከፍ በተደረገው መሬት ላይ ተሠሩ። ባሕር የሚያበላውን ሕዝብ ከባሕር መለየት አይቻልምና፣ በእኛ አስተያየት አመዛዝኖ የተወሰነ ነው። ከጣቢያው በር ጀምሮ በጡብ የተነጠፈው የእግረኞች ጎዳና፣ በሁለት ወገን ሱቆችን አሰልፎ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ያወርዳል፤ አቅጣጫውም የጃፓን አዲስ ዓመት ጠዋት ፀሐይ የምትወጣበትን እንዲያሳይ ሆኖ የተቀየሰ ነው።

ፍልውኃውም ለጌጥ የታከለ አይደለም። ከአደጋው በፊት ከጣቢያው አጠገብ ዩፖፖ የተባለ የሕዝብ መታጠቢያ ነበር፤ እሱም አብሮ ተወሰደ። ጣቢያው ከቀድሞው ቦታ ወደ ውስጥ ፈቀቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ሲከፈት ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠቃለሉ። ንድፉን ያወጡት፣ ለተፈናቃዮች በዚያችው ከተማ ከጭነት ኮንቴይነሮች ባለ ሦስት ፎቅ መጠለያ የሠሩት አርክቴክት ሺገሩ ባን ናቸው። ነጩ ጣሪያ ክንፉን የዘረጋ የባሕር ወፍ ይመስላል፤ ከውስጥ ሲያዩት እንደ ሰፌድ የተጠላለፈ እንጨት ነው። መታጠቢያው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲሆን፣ እንደ አገሩ ወግ ወደ ገንዳው የሚገባው ሰውነትን አስቀድሞ ታጥቦ ነው። ይህን ለማይደፍር ደግሞ ደጁ ላይ የእግር መዘፍዘፊያ ገንዳ አለ። ወደዚህ የሚመጡት ባቡሮች ጥቂት ናቸውና፣ ቀጣዩን የሚጠብቅ መንገደኛ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እዚያ ይቀመጣል።