«ከፍተኛ ኃይል ያለው ሌዘር» ወይስ «ከፍተኛ አቅም ያለው ሌዘር»?

ጥያቄ፦ አዳማ የሚያስተምሩ አንድ የፊዚክስ መምህር የሚከተለውን ጽፈውልናል። ተማሪዎቻቸው ቁስን በሌዘር ስለማጥናት ለግድግዳ ጋዜጣ ሲጽፉ አንዱ «ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሌዘር»፣ ሌላው «ከፍተኛ ኃይል ያለው»፣ ሦስተኛዋ «ከፍተኛ አቅም ያለው» ብለዋል፤ «በጽንፈኛ ሁኔታ ላይ ያለ ቁስ» የሚል ሐረግም ገብቷል። መምህሩ «የቱን ልቀበል? ፕላዝማንስ “የጋለ ጋዝ” ብንለው ምን ይጎድላል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ በዕለት ንግግር ሦስቱ ቃላት እየተወራረሱ ስለሚኖሩ ሌላ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ባለፍኳቸው ነበር፤ በሌዘር ነገር ግን መደበላለቃቸው ጉዳዩን ራሱን ይሰውረዋል። 30 ጁል ብቻ የያዘች የሌዘር ብልጭታ በ30 ፌምቶ ሰከንድ ውስጥ ከተለቀቀች አንድ ፔታ ዋት፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ጁል የሚለቀቅበት ፍጥነት፣ ይኖራታል፤ ፌምቶ ሰከንድ ማለትም አንዲት ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍላ፣ ያ ድርሻ እንደገና ለቢሊዮን ሲከፈል የሚገኝ ነው። 30 ጁል ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ አያነሣም። አንድ ፔታ ዋት ግን እዚያው እርስዎ ዘንድ ካለው 153 ሜጋ ዋት የአዳማ ቁጥር ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከስድስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። ታዲያ ይህ ሌዘር ብዙ አለው የምንለው ምኑን ነው?

ዜና አንባቢዎች ሜጋ ዋትን የሚጠሩት «የማመንጨት አቅም» ከሚለው ሐረግ ጋር ነው፤ የሚመነጨውንና የሚከማቸውን ነገር ደግሞ ሁላችንም «የፀሐይ ኃይል»፣ «የኃይል ምንጭ» እንላለን። ስለዚህ በጁል ለሚለካው «ኃይል»፣ በዋት ለሚለካው «አቅም»፣ ለሚገፋውና ለሚስበው «ጉልበት» ቢመደብ እመርጣለሁ። አገላብጠው የሚጠቀሙባቸው ጸሐፊዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሆኖም ጆሮ የለመደውን መከተል ለተማሪ ይቀላል። በዚህ ሚዛን ትክክል የጻፈችው ሦስተኛዋ ናት።

የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት፣ በ2018ም የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ዘዴ ብልጭታዋን በጊዜ መዘርጋት፣ እንደተዘረጋች ማጉላት፣ በመጨረሻም መልሶ ማጨቅ ነው። በሚታጨቅበት ጊዜ ኃይል አይጨመርላትም፤ የሚያድገው አቅሟ ነው። በአንጻሩ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በተደረገ የአቶም እምብርቶችን የማዋሐድ ሙከራ፣ በ192 የሌዘር ጨረሮች 2.05 ሜጋ ጁል ወደ ዒላማው ገብቶ 3.15 ሜጋ ጁል ሲወጣ የተነጻጸረው ጁል ከጁል ጋር ነበርና «ኃይል» ማለት ተገቢ ነው። የገባው ኃይል፣ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በአሥር ደቂቃ ገደማ የሚጨርሰውን ያህል ነው።

አንድ አራተኛ ቃልም ያስፈልጋል። ያ ሁሉ አቅም ከፀጉር ዘለላ በቀጠነች ነጥብ ላይ ሲያርፍ፣ ለነጥቧ ስፋት ሲካፈል የሚገኘውን መጠን «ብርታት» ብንለው «ብርቱ ፀሐይ» ከሚለው አነጋገር ጋር ይስማማል። ወረቀት የሚያቃጥለው የማጉያ መነጽርም የፀሐይን ብርሃን ያበረታዋል እንጂ አያበዛውም።

«ጽንፈኛ» የሚለው ቃል ከፖለቲካ ንግግር ጋር እጅግ ስለተቆራኘ «ጽንፈኛ ሁኔታ» ሲባል አንባቢው ስለ ቁስ ከማሰቡ በፊት ስለ ሰው ያስባል። «ከልክ ባለፈ ግፊትና ሙቀት ሥር ያለ ቁስ» ቢረዝምም ግልጽ ነው፤ ሌዘሩ የሚፈጥረውም ከምንተነፍሰው አየር ግፊት በሚሊዮኖች እጥፍ የሚበልጥ፣ በፕላኔቶች እምብርት እንዳለው ያለ ግፊት ነው።

«የጋለ ጋዝ» ግን አይበቃም፤ ጋዝ ግሎም ጋዝ ሆኖ ሊቆይ ይችላልና። ፕላዝማ የሚሆነው ኤሌክትሮኖች ከአቶሞቻቸው ሲላቀቁ ነው፤ መብረቅ በሰማይ ላይ የሚያሰምረው ብርሃንም ፕላዝማ ነው። ስሙን እንዳለ ይተዉትና መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበት ቁስ» ብለው ያብራሩት። ፕላዝማ ሲባል በሳተላይት የሚሰጠውን የቴሌቪዥን ትምህርት የሚያስታውስ አንባቢ ቢገጥማቸው ተማሪዎችዎ አይደናገጡ፤ ያ ስም ከስክሪኑ የመጣ ነው፣ ስክሪኑም የተጠራው በውስጡ በሚያበራው በዚሁ ፕላዝማ ነው።