14 መሆን የሚገባው የቴምብር ጥርስ ለምን 13¼ ሆነ?

ከኮምቦልቻ የጻፉልን ጠያቂ፣ አያታቸው በደብተር ላይ ለጥፈው ካቆዩዋቸው ቴምብሮች መካከል ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1938 ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ያሳተማቸውና በንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ምስል ላይ «ኤም.ኢ.ኤፍ.» (የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር) የሚል የታተመበት የእንግሊዝ ቴምብር እንደሚገኙ ገልጸዋል። ካታሎጉ (የቴምብሮች መዝገብ) 14 የሚለው የጣሊያኑ ጥርስ፣ ማለትም የጠርዙ ቀዳዳ፣ በመለኪያቸው 13¼፣ 15 በ14 የሚለው የእንግሊዙ ደግሞ 14¼ በ13¼ ሆኖባቸዋል፤ ወረቀቱ ሲሠራ በውስጡ የሚቀረጸው የውሃ ምልክትም አልታይ ስላላቸው ሐሰተኛ እንዳይሆኑ ሠግተዋል፤ አንዱ ቴምብር ከጀርባው በስኮች መጠገኑንም ጽፈዋል።

እኔ የምጠረጥረው ቴምብሮቹን ሳይሆን፣ ከኢንተርኔት አውርደው በፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተሙትን የወረቀት መለኪያ ነው። በሁለት አገር የታተሙ ቴምብሮች በአንድ ልክ ዝቅ ካሉ ጥፋቱ የጋራቸው ከሆነው ነገር ይመጣል። የጥርስ ቁጥር በ2 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ የሚገኙ ቀዳዳዎች ብዛት ሲሆን፣ ዘዴውን በ1866 ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ዶክተር ለግራን ነው። ሁለት ቁጥር ሲጻፍ የመጀመሪያው የላይና የታች ጠርዝ፣ ሁለተኛው የጎኖቹ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በዚያው ዘመን ከወጡት የኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ ቴምብሮች አንዳንዱ ዋጋ ከአንድ በላይ በሆነ የጥርስ ቁጥር የወጣ ሲሆን፣ ሥዕሉ አንድ ሆኖ ሳለ ካታሎጉ ለየብቻ ይመዘግባቸዋል። እንግዲህ ማተሚያው ገጹን ለማስገባት ሲል 20 ሚሊ ሜትሩን ወደ 19 ካሳነሰው፣ እውነተኛው 14 በመለኪያው ላይ 13.3፣ 15ቱም 14.25 ይሆናል፤ እርስዎ ያገኙት ይህንኑ ነው። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ «በ100 ፐርሰንት አትምልኝ» ካላሉት በስተቀር አሳንሶ የሚሰጥዎት ብዙ ነው። መለኪያውን በብረት ማስመሪያ ይፈትሹት፤ ካነሰ ይጣሉት።

የውሃ ምልክቱ ያልታየው ቴምብሩ ከደብተሩ ላይ ስለተጣበቀ ነው። የፖስታ ቤት ማኅተም የተመታባቸውን ብቻ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንሳፈው ያላቅቁ፤ ማኅተም የሌለባቸው ሙጫቸው እንዳይጠፋ ውሃ አይንካቸው። ከደረቁ በኋላ ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው በጥቁር ሳህን ላይ ያስቀምጡና ብርሃን ከጎን ያብሩባቸው። በጣሊያኑ ላይ ዘውድ፣ በእንግሊዙ ላይ ዘውድና የንጉሡ ስም ምሕጻር ይፈልጉ።

ለሌሎቹ ቴምብሮችዎ ይህ ካልበቃ ለላይተር የሚሸጠውን ንጹሕ ቤንዚን ሁለት ጠብታ ማድረግ ይቻላል፤ የመኪናው ግን ቅባት ስለሚተው አይሆንም። ከሰል በተያያዘበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ወይም ቡና በሚፈላበት ክፍል ፈጽሞ አይክፈቱት፤ ትነቱ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል። በፎቶግራቩር (ሥዕሉ በተቦረቦረ ሲሊንደር በሚታተምበት ዘዴ) የታተመ ቴምብር ደግሞ በቤንዚን ቀለሙ ሊሟሟ ስለሚችል፣ የጣሊያኑንም የጆርጅ 6ኛውንም በብርሃን ብቻ ይመርምሯቸው።

ከጀርባው በስኮች የተጠገነው ቴምብር ነገር ያሳዝናል፤ አንድ የተቀደደ ጥርስ ለማዳን ሲሉ ወረቀቱን በሙሉ በቡናማ ማጣበቂያ በክለውታል። ስኮቹን በጥፍር አይላጡት፤ ጥርሱን በደህናው ጠርዝ በኩል ለክተው ለብቻው ያስቀምጡት። ቤንዚኑንም እንደ ጨረሱ ክዳኑን ገጥመው፣ መስኮቱ ተከፍቶ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ክብሪት እንዳይጫር ለቤተሰቡ ይናገሩ።