በቃል አዝዞ ለሚክድ አለቃ

አለቃሽ በቃል ያዘዘሽን ግዥ ስብሰባ ላይ «እኔ አላዘዝኩም» ብሎ እንደካደ ነግረሽኝ፣ ምን ላድርግ፣ ሥራውንስ ልልቀቅ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከእንግዲህ «በጽሑፍ ይስጡኝ» አትበዪው። እንደ ክስ ይቆጥረዋል። ራስሽ ጻፊው።

ከቢሮው እንደወጣሽ፣ በዚያው ቀን፣ አጭር ኢሜይል ላኪለት፦ «ዛሬ ጠዋት በተነጋገርነው መሠረት ሁለቱን ፕሪንተሮች ያለ ሦስተኛ ፕሮፎርማ እንድገዛ ነግረውኛል። የተሳሳትኩት ነገር ካለ እስከ ነገ እኩለ ቀን ያሳውቁኝ።» በቃ። ወቀሳም ማብራሪያም አትጨምሪ።

ዝም ካለሽ፣ ለተራ ሥራ ቀጥዪ። የግዥ መመሪያ የሚጥስ ከሆነ ግን ዝምታው ፈቃድ አይደለም፤ ፊርማውን ሳታዪ አንድ ብር እንዳታወጪ። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው፤ እስካሁን የፈረምሽው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።

«ልልቀቅ ወይ?» ላልሽው፣ በግል ድርጅት የምትሠሪና የሙከራ ጊዜሽን የጨረስሽ ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። እኔ ብሆን ግን አልቸኩልም።

ከራሴ ስህተት አንድ ነገር ልንገርሽ፦ በመጀመሪያው ኢሜይል ለዋና ሥራ አስኪያጁ ግልባጭ አታድርጊ። እኔ አድርጌ ነበር። ጥፋቱ የአለቃዬ ሆኖ ሳለ «ሰው አሳጪ» የሚል ስም የወጣልኝ እኔ ነኝ፤ ያንን ስም ለማራገፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።