ገመዱ ወዴት ይወድቃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ መርካቶ ቡና ጫኝ ነኝ። በቀደም አይሱዙ ላይ ሸራ እየወጠርን ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። ምድርን ዙሪያዋን በአንድ ገመድ ቢያስሯትና ገመዱን ጥብቅ አድርገው ቢወጥሩት፣ ያለ ምንም ድጋፍ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል እላለሁ። በሁሉም በኩል እኩል ስለሚሳብ የሚወድቅበት አቅጣጫ የለውም። እሱ ይወድቃል ይላል። ደግሞም መሬት ላይ የተኛውን ገመድ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ ሌላ አንድ መኪና ሙሉ ገመድ መቀጠል አለበት ይላል። የተወራረድነው ሻይ በፓስቲ ነው። ይፍረዱን። (ከቆጪ ሰፈር)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን አንብቤ እንደጨረስኩ ወጥ ቤት ገብቼ የባለቤቴን ምጣድ በሲባጎ ለካሁ። እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ "ደግሞ ዛሬ ምን አገኘህ?" አለችኝ። ዙሪያው 1 ሜትር ከ80 ሆነ። ሲባጎው ላይ 1 ሜትር ቀጠልኩበትና ምጣዱን መሃል አድርጌ ክብ አድርጌ ዘረጋሁት። ከምጣዱ ጠርዝ እስከ ሲባጎው በየትኛውም በኩል 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ምጣዱን አንሳና ምድርን አስቀምጥ። በምድር ወገብ ላይ ዙሪያዋ 40,075 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ በተኛው ገመድ ላይ 1 ሜትር ብትቀጥል ስንት ከፍ ይላል? ያው 16 ሴንቲ ሜትር። እኔ ወጣት ሆኜ ይህን ስሰማ አላመንኩም ነበር። ግን የክብ ዙሪያ ማለት ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት በ6.28 ሲባዛ ነው። ርቀቱ 1 ሜትር ሲጨምር ዙሪያው 6 ሜትር ከ28 ሴንቲ ይጨምራል፤ ክቡ ምጣድ ሆነ ምድር ለውጥ የለውም። ጓደኛህ አንድ መኪና ያለው ገመድ አንድ አይሱዙ ከምታስሩበት ያንሳል።

ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ። እናትህ መቀነቷን ስታጠብቅ አይተሃል? ሲጠብቅ ከወገቧ ይርቃል ወይስ ወደ ውስጥ ይነክሳል? ገመድ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ምድርን የዞረውን ገመድ አንዲት ቁራጭ አስብ። በግራ ያለው ጎረቤቷ ይስባታል፣ በቀኝ ያለውም ይስባታል። ገመዱ የታጠፈ ስለሆነ የሁለቱ ጉተታ ሲደመር ወደ ምድር ያጋድላል። በዚያ ላይ ክብደቷ አለ፤ እሱም ወደ ምድር ነው። ወደ ላይ የሚይዛት ማነው? ማንም። ስለዚህ ባጠበቅከው ቁጥር ቶሎ ይወርዳል።

አቅጣጫውን ጠይቀሃል። ወደ ታች ነው፤ ታች ደግሞ በሁሉም በኩል አለ፣ በእኛም በኩል፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስም በኩል። ሳትወጥረው አንድ ሜትር ላይ ይዘህ ብትለቀው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሁሉም ቦታ እኩል መሬት ይነካል። የተረፈችው 6 ሜትር ከ28 እዚህም እዚያም ትጨማደዳለች።

ሐሳብህ ግን ከንቱ አይደለም። ገመድ ሳይሆን የማይታጠፍ የብረት ቀለበት ቢሆን፣ በሁሉም በኩል ያለው ስበት በእርግጥ ይጣፋል። ችግሩ ሁለት ነው። ቀለበቱ የራሱን ክብደት እንደ ቅስት መሸከም አለበት፤ ይህ ጫና ብረት ከሚችለው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ቢችል እንኳ በአንድ በኩል ትንሽ ወደ ምድር ከቀረበ፣ የቀረበው ወገን የበለጠ እየተሳበ ሄዶ ይላተማል። ማክስዌል የሚባለው የስኮትላንድ ሊቅ እንደ ፈረንጆቹ በ1859 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ለሳተርን ቀለበቶች አሳይቷል። አንድ ወጥ ጠጣር ቢሆኑ አይጸኑም ነበር፤ ለየብቻቸው የሚዞሩ እልፍ ቁርጥራጮች ናቸው።

በየመሃሉ ችካል ብንተክልስ ትለኝ ይሆናል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ቀያሽ ነበርኩ። 30 ሜትር የብረት ሜትር በሁለት ችካል መካከል ስንወጥር፣ የቱንም ያህል ብንስብ መሃሉ ይረግባል። የረገበ ሜትር ርቀቱን አስረዝሞ ስለሚያነብ ሒሳብ ሠርተን እንቀንሳለን። ይህን እያወቅኩ ባለፈው ክረምት ሞኝ ሆንኩ። የልብስ ማስጫዬን 6 ሜትር ገመድ በአቮካዶው ዛፍና በአንድ ቋሚ መካከል ወጠርኩ፤ መሃሉ ላይ የታጠበ ጋቢ ተሰጣ። 6 ኪሎ ይሆናል። ገመዱ 1 ሜትር ሲረግብ ጉተታው 9 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። 10 ሴንቲ ብቻ እንዲረግብ ብታጠብቀው 90 ኪሎ። 1 ሴንቲ ብቻ? 900 ኪሎ። እኔ ቀጥ እንዲል ብዬ ስስብ ቋሚው ተነቅሎ ጋቢው ጭቃ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን አጠባ ማን እንዳጠበ አትጠይቀኝ።

መቼም ገመዱን ይዘህ ከጅማ ተነስተህ ቀጥ ብለህ ወደ ምዕራብ፣ ዞረህ በምሥራቅ በኩል ለመመለስ ሳታስብ አትቀርም። እሱም አያዋጣም። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ነን። ሎሚ ላይ ክር ከወገቡ ትንሽ ከፍ አድርገህ እሰርና አጥብቀው፤ ተንሸራቶ ይወልቃል። የአንተም ገመድ፣ የሚይዘው ተራራ ባይኖር፣ ባጠበቅከው ቁጥር ወደ ሰሜን ዋልታ ይንሸራተታል።

አንድ መንገድ ግን አለ። ወንጭፍ ስታሽከረክር ጠፍሩ ይወጠራል እንጂ እጅህ ላይ አይወድቅም። ገመዱም ራሱ በምድር ዙሪያ ቢሽከረከር፣ በሰከንድ 7.9 ኪሎ ሜትር ላይ ክብደቱ ይጣፋል፤ ከዚያ ሲያልፍ እውነትም ተወጥሮ አየር ላይ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት አዲስ አበባ ድረስ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በ45 ሰከንድ ትጨርሰዋለህ። ከመሬት አንድ ሜትር ላይ ግን አየር አለ፤ ገመዱ ከአየሩ ጋር ሲፋተግ ዙር ሳይሞላ ይቃጠላል።

ስለዚህ ሻዩን አንተ ክፈል። ስለ አንድ መኪና ገመዱ ደግሞ ፓስቲውን ጓደኛህ ይክፈል።