ዳኝነት ያልተጠየቀበት ክስ

ውድ ልጆቼ፣

ጅማ ከተማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና ሠርቼ ካባዬን ከሰቀልሁ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዱ ቡና ስንጠጣ፣ «ፖለቲከኞች የራሳቸውን ሐሳብ ከመናገር ይልቅ ተቀናቃኛቸውን ማብጠልጠል ለምን ይቀናቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስለሚቀልላቸው ነዋ» ብዬ አለፍሁት፤ ጥያቄው ግን ከዚያ የተሻለ መልስ የሚገባው ነበር።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በሙያው ጀማሪ ሳለሁ የቡና ይዞታውን የተነጠቀ አንድ አርሶ አደር ጠበቃ አድርጎ ያዘኝ። በቀጠሮው ቀን የተከሳሹን ምስክሮች አንድ በአንድ አፋጥጬ፣ ቃላቸውን እርስ በርስ አጋጭቼ፣ ችሎቱን የሞላው ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ መግቢያ አሳጣኋቸው። ላቤን እየጠረግሁ ስቀመጥ ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ለመሆኑ የሦስት ዓመቱ የቡና ምርት ግምት በክሱ ላይ ተጠይቋል?» አሉኝ። አልተጠየቀም። ይዞታው ይመለስልን ከማለት በቀር ሌላ ዳኝነት፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልን የምንጠይቀው ነገር፣ አልጻፍሁም፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ባልተጠየቀ ዳኝነት አይፈርድም። ደንበኛዬ መሬቱን አገኘ፤ የሦስት ዓመት ቡናው ግን ከተከሳሹ ጋር ቀረ። ተከሳሹን ለማሳጣት ሦስት ሌሊት የተዘጋጀሁ ሰው፣ ለደንበኛዬ ምን እንደምጠይቅ ለማሰብ አንዲት ምሽት አላዋልሁም ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከሳሽ የሚጠይቀውን ዳኝነት ለይቶ እንዲጽፍ ያዛል። የምርጫ መድረክ ይህን የሚያዝ ሕግ የለውም፤ ተናጋሪው በደል ሲዘረዝር ውሎ ምን እንደሚፈልግ ሳይናገር ቢወርድም ይጨበጨብለታል። የምናጨበጭበው ደግሞ እኛ ነን። በዚህ ረገድ ከአባቶቻችን የወረስነው ነገር ያለ ይመስለኛል። በበላ ልበልሃ ሙግት ዘመን አደባባይ ላይ የቆመ ተሟጋች፣ ነገሩ ቢደክምበት እንኳ ምላሱ ስለት ከሆነ ታዳሚውን ይማርክ ነበር። ያ ጥበብ ውብ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። በኋላ በ1960ዎቹ የተማረው ትውልድ ሲከፋፈል ግን ያው ስለት ወደ ስም መለጠፍ ወረደ፤ «ባንዳ»፣ «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት» የተባለ ሰው ሐሳቡ ሳይመረመር የሚፈረድበት ጊዜ መጣ፣ ፍርዱም በቃል ብቻ አልቀረም።

ከባህሉ ባሻገር የጥቅም ስሌትም አለ። ተቀናቃኙን «ሌባ» የሚል ዕጩ ከራሱ ደጋፊ አንድም ሰው አያጣም። ሐሳብ ሲያቀርብ ግን ያጣል። ከእኛው ከተማ ምሳሌ ብወስድ፣ አንድ ዕጩ የቡና ግብይቱን እንዲህ አድርጌ እለውጠዋለሁ ብሎ በዝርዝር ቢናገር፣ እሸት ቡናና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) የሚሸጠው አርሶ አደር ደስ ሲለው አቅራቢው ይከፋዋል፤ አቅራቢውን ሲያስደስት ላኪው ይቀየመዋል፤ ሁሉንም አስደስታለሁ ካለ ደግሞ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይጠየቃል። ስለዚህ ዝም ብሎ ያለፈውን መውቀስ ይመርጣል። የምርጫ ሥርዓታችንም ይህን ያግዛል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች ሁሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ፉክክሩ የሁለት ሰዎች ሲሆን አንዱን ዝቅ ማድረግ ሌላውን ከፍ ከማድረግ እኩል ያገለግላል።

ሐሳብ ማዘጋጀት ራሱ አቅም ይጠይቃል፤ ቁጥር የሚያሰላ ባለሙያ የሌለው ፓርቲ ከስድብ ሌላ የሚያቀርበው ቢያጣ አይገርምም። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አንድ የመንግሥት የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ፓርቲዎችን የምርጫ ፕሮግራም ተቀብሎ በበጀትና በኢኮኖሚ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት አስልቶ ከምርጫው በፊት ያሳትማል። እዚያም ቢሆን መሰዳደብ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሐሳቡን ያልጻፈ ፓርቲ ለስሌት የሚያቀርበው ነገር አይኖረውም።

በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሄርማታ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ሆነን እንከታተል ነበር። ስኒው እስኪቀዘቅዝ ማንም አይጠጣም። ክርክሩ ሲያልቅ አጠገቤ የተቀመጡትን ወጣቶች «ስለ መሬት ማን ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ማን ማንን በምን ቃል እንደወጋው ቃል በቃል ደገሙልኝ፤ ስለ መሬቱ የሚያስታውስ ግን አልነበረም። ሐሳቡ በክርክሩ ላይ ጠፍቶ አልነበረም፤ እኛ ጆሮ ላይ ነው የጠፋው።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። ሥልጣን ላይ ያለን ሰው መተቸት ስድብ አይደለም። በጀቱ የት ገባ፣ መንገዱ ለምን ቆመ ብሎ መጠየቅ የተቀናቃኝ ግዴታው ነው፤ ይህን እንደ ነቀፋ ቆጥሮ «አማራጭ ከሌለህ ዝም በል» የሚልም ባለሥልጣን ከተጠያቂነት እየሸሸ ነው። ልዩነቱ ተቺው ሥራውን ነካ ወይስ ሰውየውን የሚለው ነው።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ በሚማርበት ተቋም ለተማሪዎች ኅብረት ሊወዳደር ፈልጎ ንግግሩን አምጥቶ አሳየኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ያለፈው ተመራጭ ስንፍና ነበር፤ የራሱ ሐሳብ መጨረሻ ላይ «ለለውጥ እሠራለሁ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። መስመሩን በእስክሪብቶ አሰመርሁበትና «ዳኝነትህ ይኼ ነው?» አልሁት። አፍሮ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ስለ ማደሪያው የውኃ ችግር ጽፎ መጣ፤ ስንት ሮቶ እንዳለ፣ ስንቱ እንደሚያፈስ፣ ጥገናውን ማን እንደሚፈቅድ ጠይቆ አጣርቷል። «ጋሼ፣ ነገሩ እንዳሰብሁት ቀላል አይደለም» አለኝ። ያለፈውን ተመራጭ የሚሰድበው ክፍል ከንግግሩ ወጥቶ ነበር፤ እኔም ለምን እንዳወጣው አልጠየቅሁትም።