«ገበናችንን አደባባይ አወጣሽው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴ የሠራዊት አባል ነው። ግዳጅ ከወጣ ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። የ7 ዓመት ወንድ ልጅና የ2 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው በገንዘብ ጉዳይ ክፉኛ ተጣላን፤ ሳንታረቅም ሄደ። ከዚያ ወዲህ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይደውላል፣ ያውም ለአምስት ደቂቃ። ባለፈው ወር በጣም ሲከፋኝ፣ እንደኔው ባሏ ግዳጅ ላይ ላለ አንዲት ሴት የሆዴን ነገርኳት። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው እሱ ዘንድ ደረሰ። «ገበናችንን አደባባይ አወጣሽው፤ ጓዶቼ ፊት አሳፈርሽኝ» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። አሁን የሚደውለው ልጆቹን ለማናገር ብቻ ነው። ወንዱ ልጄ ደግሞ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምሯል። አባቱ ሲደውል ስልኩን አልቀበልም ይላል። የቤተሰብ ድጋፍ ክፍል አለ ተብዬ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ «ጉዳይሽ በባልሽ በኩል ይምጣ» አሉኝ፤ ሌላ ጊዜ ኃላፊው የሉም ተባልኩ። ደግሜ እንዳልሄድ ባለቤቴ «አዛዤ ጆሮ ከገባ እድገቴ ይበላሻል» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ዝም ልበል? እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም አትበዪ። እንደ ባለፈውም ግን አትናገሪ። ለማን ምን እንደሚነገር መለየት ነው ያቃተሽ። ማንም ስላላስረዳሽ አልፈርድብሽም።

በመጀመሪያ ስለ ጠባችሁ። ከግዳጅ በፊት ባሉት ቀናት መጣላት በወታደር ቤት የተለመደ ነገር ነው። መለየት የከበደው ሰው ሳያውቀው ለጠብ ምክንያት ይፈልጋል። ተኮራርፎ መሄድ አልቅሶ ከመሄድ ይቀላልና። ሰበቡ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ የበር ቁልፍም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ትዳራችን ያኔ ነው ያበቃው» ብለሽ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያን ሳምንት አታመንዥጊ። እሱም እዚያ ሆኖ ያንኑ ሳምንት ሲያመነዥግ ይሆናል።

ቀጥሎ የባለቤትሽ ቁጣ። አብሮ የሚበላው፣ አብሮ የሚተኛው፣ አብሮ ዘብ የሚቆመው ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነው። ሥራ ውሎ ቤቱ አይገባም። እነሱ ፊት ያለው ስም እዚያ ያለው ሀብቱ ሁሉ ነው። የራሱን ቤት ጉዳይ ከጓዱ አፍ ሲሰማ ራቁቱን የቆመ ያህል ተሰምቶት ይሆናል። ሕመሙ እውነት ነው። አንቺም ግን ያወራሽው መተንፈሻ ስላጣሽ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ የለብሽም።

ያለሽበት ሁኔታ በሙያችን ስም ወጥቶለታል። ፖሊን ቦስ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የገቡበት ያልታወቀ የአሜሪካ አብራሪዎችን ሚስቶች አነጋግራ ነበር። ሴቶቹ እንዳያለቅሱ ባላቸው መሞቱ አልተረጋገጠም። እንዳይጠብቁ ደግሞ መምጣቱ አይታወቅም። ቦስ ይህን «ያልለየለት ማጣት» ብላ ጠራችው። ያንቺ ባል ያለበት ይታወቃል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስሜቱ ግን ይመሳሰላል፤ በአካል የለም፣ በሐሳብ ግን በየክፍሉ አለ። ልጅ ሲታመም የምትወስኚው ብቻሽን ነው፣ ከወሰንሽ በኋላ ደግሞ «ምን ይለኝ ይሆን?» ትያለሽ። ይህ ሰውን ያደክማል። ድካሙ የድክመት ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የድጋፍ አገልግሎት የሚባለው አንድ ቤት አይደለም፤ የተለያዩ በሮች አሉት። አንቺ የመተዛዘኛውን በር የምስጢር በር አድርገሽ አንኳኳሽ። የሚስቶች ስብስብ ለመረዳዳት ግሩም ነው። ልጅ ይጠባበቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» ይባባላሉ። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ግን የለባቸውም። የእያንዳንዳቸው ባል ደግሞ ከባልሽ ጋር ነው ያለው። ከእነሱ አትራቂ፤ የመኝታ ቤትሽን ነገር ግን እዚያ አትውሰጂ። ያቺ ሴት ምናልባት ባሏን «ጓድህን አይዞህ በለው» ብላው ይሆናል። ወሬኛ ናት ብለሽ ከመፍረድሽ በፊት አንድ ጊዜ በረጋ መንፈስ ጠይቂያት።

የቤተሰብ ድጋፍ ክፍሉ ሥራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ደመወዝ፣ ቤት፣ ሕክምና፣ ውክልና፣ የልጆች ትምህርት። እዚያ ስትሄጂ ስለ ጠባችሁ አንድ ቃል መተንፈስ አያስፈልግሽም። «ልጄ ታሞብኛል፣ ብቻዬን ነኝ፣ ለሠራዊት ቤተሰብ ያለው የምክርና የሕክምና አገልግሎት የት ነው?» በይ። ይህ ማንንም አያሳፍርም። ስትሄጂ የጋብቻና የልደት ማስረጃ ቅጂ፣ የባለቤትሽን መለያ ቁጥርና የክፍሉን ስም ያዢ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢና ቀኑ የተጻፈበት ቅጂ ይኑርሽ። «በባልሽ በኩል ይምጣ» ካሉሽ አትከራከሪ። «እሱ ግዳጅ ላይ ስለሆነ ነው እኔ የመጣሁት፤ እሱ በሌለበት ቤተሰቡ በምን መንገድ ነው የሚገለገለው?» ብለሽ ጠይቂ። ያነጋገረሽን ሰው ስምና ኃላፊነት ጻፊ። ውክልናውና የቅርብ ተጠሪ ቅጹ ባንቺ ስም መሆኑንም አረጋግጪ። ብዙ ወታደር እነዚህን ወረቀቶች ገና ላጤ ሳለ ሞልቶ እዚያው ይረሳቸዋል።

የሆድሽን የምትነግሪው ለአማካሪ ወይም ለሃይማኖት አባት ነው። አማካሪውን ወንበሩ ላይ ሳትደላደዪ ሦስት ነገር ጠይቂው። የምነግርህ ነገር የት ይጻፋል? ማን ያነበዋል? ምስጢሩ የሚፈታው መቼ ነው? ጥሩ ባለሙያ ይህን ስትጠይቂው አይከፋውም፤ እንዲያውም ሳትጠይቂው መንገር አለበት። ምስጢር የሚፈታበት ጊዜ አለ። ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል፣ ልጅ ሲበደል። ተራ የባልና ሚስት ኩርፊያ ከዚህ ውስጥ አይገባም። የሠራዊቱ አማካሪ መዝገቡ ወደ አዛዥ ይሄዳል ካለሽ ከሠራዊቱ ውጭ ያለ ባለሙያ ፈልጊ። ባልሽ የፈራው ነገር በብዙ ጦር ውስጥ ያለ ፍርሃት ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶች ምክሩን ከእዝ ሰንሰለቱ ያወጡት። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ሚሊተሪ ዋንሶርስ በሚባለው አገልግሎት አንድ የቤተሰብ አባል ለአንድ ችግር እስከ 12 ጊዜ ከሲቪል አማካሪ ጋር በነፃ መነጋገር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ አላልፍም። በደብዳቤሽ ላይ የለም፣ ግን ብዙ ሴቶች አይጽፉትም። እጁን አንስቶብሽ ወይም ልጎዳሽ ብሎሽ ከሆነ፣ ከዚህ በላይና ከዚህ በታች ያልኩት ሁሉ ይቅር። ያ ገበና አይደለም። እድገቱንም አታስቢ፤ ዛሬውኑ ለሚመለከተው አካል ተናገሪ።

ከሌለ ግን ባለቤትሽን እንዴት እናናግረው? በአምስት ደቂቃ ስልክ ጠብ አይፈታም። ልጆች አጠገብሽ ናቸው፣ እሱ አጠገብ ሰው አለ፣ መስመሩ ይቆራረጣል። ጻፊለት። ደብዳቤ ካልተቻለ የጽሑፍ መልእክት ይሁን። አጭር ይሁን። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «የቤታችንን ነገር ከሰው አፍ በመስማትህ አዝኛለሁ። ልክ ነህ፣ ለእሷ መንገር አልነበረብኝም። ያወራሁት አንተን ላዋርድህ ብዬ ሳይሆን ጨንቆኝ ነው። ከእንግዲህ ስለ እኛ የማወራው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ባለሙያ ብቻ ነው። ልጃችን ታሟል፣ ያንተ እርዳታ ያስፈልገኛል።» በቃ። የገንዘቡን ነገር እዚህ ውስጥ አትክተቺ። ለምን ዘጋህብኝ አትበዪ። የጠብ ሰው ይቅርታ ሲሰማ «ግን» የምትለዋን ቃል ነው የሚጠብቀው፤ አንቺ አትስጪው። መልሱ ቢዘገይ ደግሞ ኩርፊያ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ስልክ የማይነሳበት ስንት ምክንያት አለ እዚያ።

ፈቃድ አትጠይቂው፣ አሳውቂው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለልጅሽና ለራስሽ እርዳታ ለመፈለግ የሱ ይሁንታ አያስፈልግሽም። ግን ከሌላ እንዳይሰማ ከአንቺ ይስማ።

ልጅሽን በተመለከተ ብዙ አትደንግጪ፣ ችላም አትበዪው። የ7 ዓመት ልጅ ጭንቀቱን በቃላት አያወጣውም፤ ሰውነቱ ያወጣዋል። የተወውን የሕፃን ጠባይ መልሶ መያዙ የታወቀ ነው። አትቆጪው፣ ለሌላ ሰው ፊቱ አታውሪበት፣ ከታናሽ እህቱ ጋር አታወዳድሪው። ሌሊት ሲሆን አንሶላውን አብራችሁ ቀይሩና ወደ እንቅልፍ። ሐኪም ግን ይየው፤ አንዳንዴ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሆድ ድርቀት ይኖራል። ለአስተማሪው ደግሞ «አባቱ ሩቅ ነው» ብለሽ ንገሪ። ይህን ማወቋ ብቻ ልጁን በሌላ ዓይን እንድታየው ያደርጋል።

ስልክ አልቀበልም ማለቱ አባቱን ስለጠላ አይደለም። ሁልጊዜ ተደውሎ ሁልጊዜ ይዘጋል። እያንዳንዱ «ቻው» ለሱ አዲስ መለየት ነው። ምናልባት ያን ቀን የተናገራችሁትንም ሰምቶ ይሆናል። ልጆች የወላጅ ጠብ ሲሰሙ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ይላሉ። «አባባ የሄደው ሥራው ስለሆነ ነው፤ አንተ ያደረግኸው ነገር የለም» በዪው፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግመሽ። ቀጥታ ማውራት ከከበደው አባቱ ድምፁን ይቅረጽለት። አንድ ተረት፣ አንድ የመጽሐፍ ገጽ ያንብብለት። ልጁ በፈለገው ሰዓት ይሰማዋል፣ ሲፈልግ ያቆመዋል። አይቆረጥም፣ አይዘጋም። በአሜሪካ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዳጅ ላይ ያሉ ወላጆች ለልጆቻቸው ሲያነቡ የሚቀረጽበት ሥራ አለ። እናንተ ለዚህ ስልክ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ለባለቤትሽም ጥሩ ነው። ከሩቅ ሆኖ ለልጁ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ያገኛል።

ይህን ጽሑፍ የቤተሰብ ድጋፍ ክፍል የሚመራ ሰው ካነበበው አንድ ቃል አለኝ። «በባልሽ በኩል ይምጣ» የሚል መልስ የአገልግሎቱን ትርጉም ያፈርሰዋል። አገልግሎቱ የተፈጠረው ባል ስለሌለ ነው። በብሪታንያ ጄምስ ጊልዲ የተባለ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1885 ወደ ግብፅ ለዘመቱት ወታደሮች ቤተሰቦች እርዳታ ሲያሰባስብ መነሻው ይኸው ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት ባመጡት አሠራር፣ ከየክፍሉ አንድ የወታደር ሚስት በአዛዡ ተመርጣ በቤተሰቡና በአዛዡ መካከል ድልድይ እንድትሆን አደረገ። ሴትየዋ ትሠለጥናለች፣ ምስጢር ለመጠበቅም ትገደዳለች። ምስጢሯ ወሬ የሆነባትን ጠያቂያችንን አስቡ። የሆዷን የነገረቻት ሴት ብትሠለጥን ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የቤተሰቦቹ ስልክ ዝርዝር፣ ሳትለመን የምትደውል አንዲት የሠለጠነች ሰው፣ ኃላፊው በሌሉ ጊዜ የሚተካ። የተቸገረች እናት ሁለት ጊዜ ተመልሳ ሦስተኛ አትመጣም።

አንቺ ግን ሦስተኛ ትሄጃለሽ፣ አይደል?

እህቴ፣ አንድ ነገር ከአሁኑ አስቢ። ሬውበን ሂል የተባለ የቤተሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አባቶችን ቤተሰቦች አጥንቶ ነበር። ካነሣቸው ነገሮች አንዱ አባት በሌለበት ቤተሰቡ ክፍተቱን እንዴት እንደሚዘጋው ነው። ፈጽሞ ከዘጋው ተመላሹ መግቢያ ያጣል። እንዳለ ከተወው ደግሞ ኑሮ ይቆማል። አንቺ ዘጠኝ ወር ቤቱን ብቻሽን ይዘሻል፤ ብዙ ነገር ተለውጧል። ለእሱ የሚቆዩ ሁለት ሦስት ነገሮች ተዪ። ልጁን ከትምህርት ቤት ማምጣት ሊሆን ይችላል፣ ማታ ማስተኛት ሊሆን ይችላል። ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሒሳብ ማወራረጃ አታድርጓቸው። የገንዘቡን ጠብ ያኔ፣ ቢቻል አማካሪ ባለበት፣ ቁጭ ብላችሁ ታወሩበታላችሁ።

ለአሁኑ መልእክቱን ጻፊ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ድጋፍ ክፍሉ ሂጂ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።